የዓባይ ኃይልና የማይዳሰሰው ገንዘብ

አባቶቻችን በአሞሌ ጨው ይገበያዩ ነበር፤ ማርትሬዛ ብርም በየገበያው እየተቈጠረ ሲሠራበት ቆይቷል። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተቈርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ የሚወጣ፥ ብሩም ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣ ስለ ነበረ፥ ገንዘብ ድካም የሚጠይቅ መሆኑን ሰው ሁሉ በዓይኑ ያይ ነበር። በዘመናችን ግን በእጅ የማይዳሰስ፥ በኪስም የማይከተት ገንዘብ ተነሥቷል፤ ስሙም ቢትኮይን ይባላል። አካል የሌለው ነገር ምንም የማይፈጅ ይመስላል። እውነቱ ግን ይህ አይደለም፤ ቢትኮይን በዓመት የሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኃይል ብዙ አገሮች እያንዳንዳቸው ከሚፈጁት ይበልጣል። ጉዳዩም የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሳይሆን የዓባይን ውሃ የሚነካ ስለ ሆነ፥ ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብለን ይህን ጽፈናል።

ቢትኮይን ሥራ የጀመረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ነው። ያወጣው ሰው ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የተሸሸገ ሲሆን፥ ማንነቱ በእርግጥ ሳይታወቅ ቀርቷል። ይህን ገንዘብ የሚያትም ባንክ የለም፤ ማን ለማን እንደ ከፈለ የሚያሳየው መዝገብ በዓለም ዙሪያ በተበተኑ ኮምፒዩተሮች ይጠበቃል። በየ10 ደቂቃው ገደማ በመዝገቡ ላይ አዲስ ገጽ ይጨመራል። ገጹን ለመጨመር የሚሽቀዳደሙት መሣሪያዎች አንድ የሚስማማ ቁጥር በግምት ፈልገው ማግኘት አለባቸው። ለዚህም የሚያሻው ጥበብ ሳይሆን በየሴኮንዱ እጅግ ብዙ ጊዜ መሞከር ነው። ቀድሞ ያገኘ ሽልማት ይቀበላል፤ ሽልማቱም መጀመሪያ 50 ቢትኮይን ሲሆን፥ በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየተቀነሰ በሚያዝያ 2024 ወደ 3.125 ወርዷል። በልማድ ‹‹ማዕድን ማውጣት›› የሚባለው ይኸው ነው እንጂ የሚቈፈር አፈር የለም።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። መሣሪያ ስለ በዛ ገንዘቡ በዝቶ አይወጣም። በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ሥርዐቱ ራሱ የመሣሪያውን ብዛት እያየ ጥያቄውን ያከብደዋል ወይም ያቀልለዋል። ስለዚህ በሺህ መሣሪያ ይወጣ የነበረው ገንዘብ በሚሊዮን መሣሪያም ቢሆን ያው ነው፤ የሚጨምረው የሚፈጀው ኃይል ነው። ደጋፊዎቹ ይህ ወጪ መዝገቡን ከአጭበርባሪ የሚጠብቅ አጥር ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ ኤተሪየም የተባለው ሁለተኛው ታላቅ የክሪፕቶ ገንዘብ በመስከረም 2022 ሽቅድድሙን ትቶ በሌላ ዘዴ መዝገቡን መጠበቅ ስለ ጀመረ፥ ፍጆታውን ከመቶ ከ99 እጅ በላይ ቀንሷል። እንግዲህ ሌላ መንገድ መኖሩ በሥራ ታይቷል።

የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2025 ባወጡት ጥናት፥ ቢትኮይን በዓመት 138 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ገምተዋል፤ ይህም ከዓለም የኤሌክትሪክ ፍጆታ ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ነው። ከኃይሉ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው ከውሃ፥ ከነፋስ፥ ከፀሐይና ከኑክሌር ሲገኝ፥ ከመቶ 38 እጅ የሚሆነው ከተፈጥሮ ጋዝ ይመጣል። ወደ አየር የሚወጣውም ሙቀት አማቂ ጋዝ በዓመት 40 ሚሊዮን ቶን ያህል ነው። ከዚህም በላይ መሣሪያዎቹ ለዚህ ሥራ ብቻ የተበጁ ስለ ሆኑ፥ ፈጣን የሆነ አዲስ ዓይነት በመጣ ጊዜ አሮጌዎቹ ለሌላ አገልግሎት መዋል ያዳግታቸዋል።

ይህ ሥራ ርካሽ ኃይል ወዳለበት ስፍራ የሚፈልስ ነው። አስቀድሞ ትልቁ ማእከል ቻይና ነበረች፤ መንግሥቷ በ2021 ሥራውን ሲከለክል መሣሪያዎቹ ተነቅለው ወደ አሜሪካ፥ ወደ ካዛኪስታንና ወደ ሌሎችም አገሮች ተጓዙ። ኢራን በዚያው ዓመት መብራት ስላጠራት ለጥቂት ወራት አገደችው፤ ኮሶቮም በ2022 መግቢያ ላይ ከለከለችው። የኒው ዮርክ ግዛት ደግሞ በኅዳር 2022፥ በከሰልና በጋዝ ኃይል ለሚሠሩ አዳዲስ ማእከሎች ለሁለት ዓመት ፈቃድ እንዳይሰጥ ሕግ አወጣ።

ከፈለሱት መካከል፥ ይልቁንም ከቻይናውያኑ፥ ብዙዎች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የሳባቸውም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም ጥቂት ይበልጥ የነበረው ዋጋና ደጋው አየር ነው፤ መሣሪያዎቹ እጅግ ስለሚግሉ ቀዝቃዛ አየር ይሻሉና። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን አስጠንቅቋል፤ ለማእከሎቹ ኃይል መሸጥ ግን የውጭ ምንዛሪ ስለሚያስገኝ ተፈቅዷል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ከእነርሱ ብዙ የውጭ ገንዘብ ሰብስቧል። ሆኖም ጠያቂው ከመጠን በላይ ስለ በዛ በ2017 ዓ.ም. ለአዲስ ጠያቂ ኃይል መስጠት ማቆሙን አስታውቋል።

ነገሩን ወደ ጓዳችን አቅርበን እንመዝነው። አንድ የማዕድን አውጪ መሣሪያ የሚስበው ኃይል 3.5 ኪሎዋት ያህል ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም የሚስበው ከዚሁ እምብዛም አይርቅም። አንዲት እናት በሳምንት ሁለት ቀን፥ ሁለት ሁለት ሰዓት እንጀራ ብትጋግር 14 ኪሎዋት ሰዓት ትፈጃለች። መሣሪያው ግን ሌት ተቀን ስለማያርፍ በሳምንት 588 ይፈጃል፤ ይህም የ42 ቤተ ሰብ የእንጀራ መጋገሪያ ኃይል ነው። በአንድ ትልቅ ማእከል ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች በብዙ ሺህ ይቈጠራሉ።

ሆኖም ፍርዳችን ሚዛኑን እንዲጠብቅ የሌላውንም ወገን መስማት ይገባናል። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይሉን ወደ ገጠር የሚያደርሰው መሥመር ግን በአንድ ቀን አይዘረጋም። ገዢ ያላገኘ ኤሌክትሪክ አይከማችም፤ ግድቡ ሲሞላም ትርፉ ውሃ እንዲሁ ይፈስሳል። እስከዚያው ድረስ ለውጭ ሰው ሸጦ በገንዘቡ ምሰሶና ሽቦ መግዛት ብልሃት ነው የሚለው ሐሳብ ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ይህ ክርክር የሚጸናው ገንዘቡ በእውነት ምሰሶና ሽቦ ሲሆን ብቻ ነው። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ከመብራት ርቆ ይኖራል። በገጠር እናቶችና እኅቶች ዛሬም እንጨት ተሸክመው ይመጣሉ፥ በጢስ ዓይናቸው ይጠፋል፥ ደኑም ይመነጠራል። ለግድቡ ሕዝቡ፥ በውጭ ያለው ወገናችንም ሳይቀር፥ ቦንድ የገዛው እኒህን በዐሳቡ ይዞ ነው። ፈላሾቹ ነገ ርካሽ ኃይል በሌላ አገር ቢያገኙ መሣሪያቸውን ነቅለው ይሄዳሉ፤ በቻይና የሆነው ይህንን ያስተምራል። ለአንድ መንደር የተዘረጋ መሥመር ግን ለልጅ ልጅ ይቀራል።

እንግዲህ ሽያጩ እስከ መቼ እንደሚቆይ፥ ከእርሱም የተገኘው ገንዘብ ስንት ቤት እንዳበራ በየዓመቱ በግልጽ ተቈጥሮ ለሕዝብ ሊነገር ይገባል። ስለዚህም መጠየቅ ከሥልጣን ጋር መጣላት ሳይሆን የራስን ቤት መጠበቅ ነው። ‹‹የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው›› የሚለው የቆየ ተረት፥ ግድቡ ከተሠራ በኋላ ስለ መብራትም እንዳይተረትብን ሁላችን እንትጋ።