በአንድ ክፍል ቤት የሚያድር ቴሌስኮፕ

አንባቢ ሆይ፤ በሰማይ ላይ «ቡና» የሚባል ኮከብ መኖሩን ሰምተው ይሆን? ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ባከበረ ጊዜ፣ ከመቶ የሚበልጡ አገሮች እያንዳንዳቸው ለአንድ ኮከብና በዙሪያው ለሚዞረው ፕላኔት ስም እንዲያወጡ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የደረሳትን ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱን ደግሞ «አቦል» ብላ ሰየመች። ይህ ስያሜ ቡና አብቃይ ለሆነው ለሐረርጌ ሰው ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ኮከቡ ከእኛ 195 የብርሃን ዓመት ያህል ስለሚርቅ በባዶ ዓይን አይታይም። የሚያስቆጨውም ለጥቂት የሚያመልጠን መሆኑ ነው፤ አንድ ትንሽ መሣሪያ ያለው ሰው ያገኘዋል።

እንግዲህ እርስዎ በበደሳ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው፣ ወይም ለትምህርት መጥተው፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ እንበል። በክፍሏ ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የልብስ ሻንጣና የውሃ ጀሪካን አሉ፤ የተረፈው ቦታ በሩን ከፍቶ ለመግባት ብቻ የሚበቃ ነው። ለብዙ ወራት ቆጥበው ቴሌስኮፕ ለመግዛት አስበዋል። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ከወጣ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ምን ያህል ያጎላል?» ሳይሆን «የት ያድራል? በየማታውስ ማን ያወጣዋል?» የሚለው ነው።

ትልቁን መሣሪያ ለእንጦጦ እንተውለት። ከአዲስ አበባ በላይ በእንጦጦ ተራራ፣ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እነዚያ የራሳቸው ቤት የተሠራላቸው ናቸው። የእርስዎ ግን ከእርስዎ ጋር በአንድ ክፍል ማደር አለበት። ከባድ ሆኖ ለማውጣትና ለማቆም ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ፣ ሁለት ማታ ያወጡታል፤ በሦስተኛው ይሰለቻሉ፤ ከወር በኋላም የልብስ መስቀያ ይሆናል።

በካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር

«525 ጊዜ ያጎላል!» የሚል ጽሑፍ በካርቶኑ ላይ ካዩ ይጠንቀቁ። የማጉላት ኃይል በዓይን በኩል የምትገባዋን ትንሽ ሌንስ በመለዋወጥ ብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ ነገር ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የቴሌስኮፑ የትኩረት ርዝመት ለዓይን ሌንሷ የትኩረት ርዝመት ይካፈላል። 650 ሚሊሜትር ለ25 ሲካፈል 26 ጊዜ፣ ለ10 ሲካፈል 65 ጊዜ ይሆናል። ይሁን እንጂ ወሰን አለው። ይኸውም በግምት ከፊተኛው ሌንስ ወይም ከመስተዋቱ ስፋት ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ሁለት ጊዜ ነው። ስለዚህ የ60 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ከ120 ጊዜ በላይ እንዲያጎላ ቢያስገድዱት የሚያሳየው ትልቅ ጭጋግ ነው።

ዋናው ነገር የብርሃን መሰብሰቢያው ስፋት ነው። በጨለማ የዓይናችን ብሌን እጅግ ቢከፈት 7 ሚሊሜትር ያህል ነው። የ70 ሚሊሜትር ሌንስ ከዚህ ዐሥር ጊዜ ስለሚሰፋ የሚሰበስበው ብርሃን መቶ እጥፍ ይሆናል። ጋሊሌዮም እ.ኤ.አ. በ1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያገኘው፣ የፊት ሌንሱ 4 ሴንቲሜትር በማይሞላ መሣሪያ ነበር። ስለሆነም ትንሽ መሣሪያ የሚናቅ አይደለም።

ሦስት አማራጮች

የመጀመሪያው በሁለት ዓይን የሚያዩበት ባይኖኩላር ነው። «10×50» የሚል ምልክት ያለውን ይምረጡ፤ ዐሥሩ ማጉላቱን፣ አምሳው የሌንሱን ስፋት ይናገራል። በምስማር ላይ ተሰቅሎ ያድራል። ክንድዎን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቢያዩበት የጨረቃን ጉድጓዶችና የጁፒተርን ጨረቃዎች ያሳይዎታል። ወደፊት ሌላ ቢገዙም ከጥቅም ውጭ አይሆንም።

ሁለተኛው በሦስት እግር ላይ የሚቆም የ70 ሚሊሜትር የሌንስ ቴሌስኮፕ ነው። ቀላልና ብዙ እንክብካቤ የማይፈልግ ነው። ጉድለቱ እግሩ ነው፤ ቀጭን ከሆነ በነካኩት ቁጥር ኮከቡ ይንቀጠቀጣል። ሲገዙ ቱቦውን መታ አድርገው፣ ምስሉ ቶሎ ካልረጋ ይተዉት።

ሦስተኛው ከ114 እስከ 130 ሚሊሜትር መስተዋት ያለው፣ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ቴሌስኮፕ ነው። ሦስት እግር የለውም፤ ዝቅ ያለ ክብ ማዞሪያ ላይ ይቀመጣል። ክብደቱ 6 ኪሎ ገደማ ስለሆነ በአንድ እጅ ይዘውት ይወጣሉ፤ ጠንካራ በርጩማ ላይ አስቀምጠው ወዲያው ማየት ይጀምራሉ፤ ሲጨርሱ ጠረጴዛው ሥር ያድራል። የ130ው ከ70ው ይልቅ ከሦስት እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል፤ የሳተርንን ቀለበትና በጁፒተር ላይ ያሉትን መቀነቶች አጥርቶ ያሳያል። አልፎ አልፎ መስተዋቶቹን ማስተካከል ግን መማር ያስፈልጋል።

ምክራችንም ይህ ነው፦ ገንዘቡ አነስተኛ ከሆነ ባይኖኩላሩን ይግዙ፤ ለመቆጠብ ትዕግሥት ካለዎት ሦስተኛውን ይምረጡ።

በግቢው ውስጥ

በመስኮት በኩል ለማየት አይሞክሩ፤ መስተዋቱም ከቤት የሚወጣው ሞቃት አየርም ምስሉን ያበላሹታል። የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ስለሚተፋ፣ ከጣሪያ በላይ ያለውን ኮከብ ትተው ከፍ ያለውን ይመልከቱ። በክረምት ሻጋታ እንዳይዘው ከእርጥበት ይጠብቁት። አቧራውንም በየጊዜው በጨርቅ አይወልውሉ፤ ጥቂት አቧራ አይጎዳም፤ መፈተግ ግን ይጎዳል።

በደሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች የሁለቱም ሰማይ ባለቤት ናት። የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በግንቦት ምሽት ደግሞ አብዛኛው የአውሮፓ ሰው ከአገሩ ሆኖ የማያየው የደቡብ መስቀል ይታያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ አካባቢ ፀሐይ በጨረቃ ተጋርዳ የእሳት ቀለበት መስላ ታይታ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ወደ ፀሐይ ማዞር ያምረዋል። ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ መከላከያ ከፊት በኩል ሳይገጠም በመሣሪያው ፀሐይን ማየት በቅጽበት ዓይንን ያጠፋል። በዓይን ሌንሷ ላይ የሚገጠም ትንሽ ጥቁር መስተዋት አብሮ ከመጣም ይጣሉት፤ በሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል። የግቢው ልጆች እንዳያነሡት ቀን ቀን ከድነው ያስቀምጡት።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። ከመግዛትዎ በፊት ለአንድ ወር ያህል የሰማይ ካርታ ይዘው እየወጡ ዋና ዋና ከዋክብትን ይለዩ። ከዚያ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ፊትዎን ወደ ሰሜን አዙረው አልማክና አልጎል የሚባሉትን ሁለት ከዋክብት ይፈልጉ። በሁለቱ መካከል እኩሌታው ላይ፣ ሜሲዬ 34 ከተባለው የከዋክብት ክምችት አጠገብ፣ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ በመሣሪያው ውስጥ ትታያለች። አቦልን ማየት ለእኛ መሣሪያ የሚቻል አይደለም፤ እሷ ግን ቡና ናት። ያን ጊዜ የግቢውን ጎረቤቶች ይጥሩና በተራ ያሳዩአቸው።