ልጅን ለከፍተኛ ትምህርት ስለ ማዘጋጀትና ቦታውን ስለ መምረጥ

ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመላክ የሚያስብ አባት ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ትምህርት ቤት ስመ ጥር እንደ ሆነ ነው። እኛ ግን ነገሩ በዚህ መጀመር እንደማይገባው በገዛ ቤታችን ከደረሰው ተምረናልና፤ ለአንባቢዎቻችን ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እንጽፈዋለን።

የበኵር ልጃችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በግቢያችን ካሉት ላሞች አንዲቱ ብትታመም አጠገቧ ተቀምጦ የሚያድር ነበረ። እኛ ደግሞ ዕድሜአችንን በችሎት ጽሕፈት ያሳለፍን ስለ ሆነ፤ ልጃችን ዳኛ ሆኖ በወንበር ሲቀመጥ ለማየት እንመኝ ነበር። ስለዚህ ዐሥረኛውን ክፍል በፈጸመ ጊዜ ፈቃዱን ሳንጠይቅ የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት እንዲይዝ አደረግነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የምርጫው ቅጽ ቀርቦ ምን እንደሚሻ ብንጠይቀው፤ «አባባ፤ እኔ የምሻው የእንስሳት ሕክምና ነበረ፤ እርሱ ግን ከዚህ ውስጥ የለም» አለን። እውነትም የተፈጥሮ ሳይንስ ላልተማረ ያ ደጅ የተዘጋ ነበረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ምርጫው የሚጀመረው በዐሥራ ሁለተኛው ክፍል ሳይሆን በዐሥረኛው መጨረሻ እንደ ሆነ ልብ አድርጉ።

ዝግጅቱም እንደዚሁ ቀደም ማለት አለበት። በጥቅምት ወር 2015 ዓ. ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው በተፈተኑ ጊዜ፤ ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶው ተማሪ 3 ያህል ብቻ ነበሩ። የብዙ ዓመት ጕድለት በፈተና ዋዜማ ንባብ አይሞላም። ለልጁ በየማታው ጸጥ ያለ ስፍራ መስጠት፤ ከመላላክም ማሳረፍ፤ ያነበበውንም በቃሉ እንዲያስረዳ መጠየቅ የወላጅ ድርሻ ነው።

ስለ ቦታው የቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ያስተምረናል። እርሱ የሚሻውን ትምህርት ሳያውቅ ከቤቱ አይነሣም ነበር፤ ድጓ የሚሻ ወደ ቤተ ልሔም፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አባ፤ ቅኔ የሚሻ ወደ ዋሸራ ይሄድ ነበር። ዛሬም ሕክምና የሚሻ በ1947 ዓ. ም. በጤና ጥበቃ ኮሌጅ የተጀመረውን የጎንደርን፤ ምሕንድስና የሚሻ በ1955 ዓ. ም. በፖሊቴክኒክ የተጀመረውን የባሕር ዳርን፤ እርሻ የሚሻ የሐሮማያን፤ የእንስሳት ሕክምና የሚሻ በቢሾፍቱ ያለውን ኮሌጅ ያስብ። ነገር ግን ዕድሜና ስም ብቻ አይበቃም፤ በዚያው የሚማር ልጅ ፈልጎ ስለ መምህራኑና ስለ መሣሪያው መጠየቅ ይገባል። ደግሞም ምደባው በውጤትና በቦታ ብዛት የሚወሰን ስለ ሆነ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምርጫ እንደ ዋዛ መሙላት አያሻም።

ልጃችን ዛሬ ሕግ ይማራል፤ ትጉህም ነው። ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ግን ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ በረት ይሄዳል። ታናሽ እኅቱ ዘንድሮ ዐሥረኛ ክፍል ናት፤ የምትሻውን ጠይቀናታል፤ የመለሰችውም እኛ ያላሰብነውን ነው። ቢሆንም ተቀብለናል።