የሸኮ መንገደኛ በጃማይካ የቡና ተራሮች

ጾሙ ተፈትቶ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ ቡና በሚፈላበት በዚህ የትንሣኤ በዓል ጀበናው የያዘው ፍሬ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ የሚያስብ ጥቂት ነው። እኛ ግን በሚዛን ተፈሪና በቴፒ መካከል በሚገኘው በሸኮ ምድር በአገልግሎት ብዙ ዓመት የኖርን በመሆናችን፣ ከካሪቢያን ደሴቶች አንዷ ወደ ሆነችው ወደ ጃማይካ በተጓዝን ጊዜ ከሁሉ አስቀድመን ለማየት የጓጓነው የቡናዋን ተራራ ነበር።

ጃማይካ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ ሕዝቡ የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቆት እንደ ነበር ይታወቃል። በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮም እ.ኤ.አ. በ1970 ወደዚያ ተልከው ቤተ ክርስቲያናችንን በደሴቲቱ አጽንተዋል። በኪንግስተን ከተማ በቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነጠላ ያጣፉ ጃማይካውያን ቆመው ሲያስቀድሱ ስናይ፣ ውቅያኖስ ማቋረጣችንን ለአፍታ ዘንግተን ነበር።

ከኪንግስተን ወደ ብሉ ማውንቴን፣ ማለትም ወደ ሰማያዊው ተራራ፣ የሚወጣው መንገድ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። የባሕር ዳሩ ወበቅ ቀስ በቀስ ይቀርና ብርድና ጉም ይተካል። የተራራው ጫፍ 2,256 ሜትር ከፍታ አለው። ቡናው የተተከለው ሰው ቆሞ ለመልቀም በሚቸገርበት ገደል ላይ ነው። በሸኮ ቡና በዋንዛ፣ በሰሳና በቀረሮ ሥር፣ ከኮረሪማና ከጥምዝ ጋር ጎን ለጎን ሲያድግ ለለመደው ዐይናችን ይህ እንግዳ ነበር። በዚያ ለብዙው ቡና ጥላ የሚሆነው ዛፍ ሳይሆን ጉሙ ነውና።

ቡና ወደዚህ ደሴት የገባው እ.ኤ.አ. በ1728 ሲሆን፣ ያስገቡትም የቀድሞው አገረ ገዥ ሰር ኒኮላስ ሎውስ ናቸው። የዘሩ መነሻ የእኛ ደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ከዚያ ወደ የመን ተሻገረ፤ ከየመን በሆላንዳውያን እጅ ወደ ጃቫና ወደ አምስተርዳም፣ ቀጥሎም ወደ ፓሪስና ወደ ማርቲኒክ ተሰደደ። በጃማይካ ገደሉን መንጥረው የተከሉትና የለቀሙት ከአፍሪቃ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ነበሩ። በደሴቲቱ ባርነት ፈጽሞ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1838 ነው። ስለዚህ የአፍሪቃ ልጆችና የአፍሪቃ ተክል በአንድ ተራራ ላይ በስደት ተገናኙ ማለት ይቻላል።

ጃማይካውያን ያችን የተቀበሏትን ዘር እንዴት እንደሚጠብቋት ማየት ያስቀናል። እ.ኤ.አ. በ1950 የቡና ቦርድ አቋቁመው ጥራቱን ሲቆጣጠሩ ኖረዋል። በሕግ ከተከለለው ተራራማ ቦታ ውጭ የበቀለ ቡና በሰማያዊው ተራራ ስም አይሸጥም። በዚህም የተነሣ ቡናቸው በዓለም ገበያ ውድ ከሆኑት አንዱ ሆኗል፤ ጃፓናውያንም ለረጅም ዘመን ዋነኛ ገዥዎቹ ነበሩ።

በተራራው ላይ ያገኘናቸው አንድ አረጋዊ ገበሬ፣ «በአገራችሁ ቡና ማንም ሳይተክለው በጫካ ይበቅላል የሚባለው እውነት ነውን?» ሲሉ ጠየቁን። እውነት መሆኑን ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ታዲያ ጠባቂው ማን ነው?» አሉን።

ጥያቄው ከባድ ነው። የጃማይካ ቡና ከጥቂት ችግኞች የተራባ በመሆኑ የዘር ልዩነቱ አነስተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የቅጠል ዋግ በተነሣ ጊዜም ክፉኛ ተጎድቷል። የእኛ ጫካ ግን የማይቈጠር ልዩ ልዩ ዘር የያዘ ጎተራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጠው ያወጡት ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ነበር። በሸኮ የብርሃኔ ቆንጢር ደን ውስጥ ያለው የዱር ቡናም የዚሁ ሀብት ክፍል ነው። አንዱ ዋንዛ በተቆረጠ ቁጥር ከሥሩ የነበረው ቡና ጥላውን ያጣል፤ ጫካው ሲመነጠር ደግሞ ነገ ለሚመጣው በሽታ መድኃኒት ሊሆን ይችል የነበረው ዘር ስሙ ሳይታወቅ ይጠፋል።

ይህን የሚጠብቅ ሕግ ብቻውን አይበቃም። የሸኮ ገበሬ ዛፉን ሳይቆርጥ ከለቀመው ቡናና ከቆረጠው ማር ልጆቹን ማሳደግ ከቻለ፣ ከእርሱ የተሻለ ጠባቂ አይገኝም። ስለዚህ የፍሬው ዋጋ ለጫካው ባለቤት በሚገባ ሊደርሰው ይገባል። አንዲት ችግኝ በአደራ የተቀበሉት ሰዎች ይህን ያህል ከተጉ፣ እናቲቱን ጫካ የተረከብን እኛ ደግሞ ምን ያህል ልንተጋ እንደሚገባን አንባቢ ይፍረድ።