ከቱቱ ፈላ ድንጋይ እስከ አውቶቡስ መጠበቂያ

በጌዴኦ ምድር፣ በቱቱ ፈላ ከቆሙት ትክል ድንጋዮች አንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ ተቀርፀዋል። የመጀመሪያው ቀራፂ አለቱን ጠርቦ፣ ጫፉን አክብቦ፣ የወንድነት ምልክት አድርጎ አቆመው። ከብዙ ዘመን በኋላ ሌላ ሰው መጣና ያንኑ ድንጋይ አንስቶ ፊት አወጣለት፣ ክንድ አበጀለት፣ ከመቃብሩ በላይ በተከመረው የድንጋይ ካብ ላይ እንደገና ተከለው። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም። ምናልባትም አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም ነበር። ሥራው ግን አንድ ነው፤ የሁለቱም እጅ ዛሬ ድረስ ጎን ለጎን ይታይበታል።

ይህን ከድንጋዮቹ ያነበበው በቱቱ ፈላ ቁፋሮ ያካሄደው ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮጀር ዡሶም ነው። ውጤቱንም በ2007 ፓሪስ ላይ በመጽሐፍ አሳትሟል (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞያሌ መንገድ ላይ ከምትገኘው ከዲላ ወደ ደቡብ፣ በወናጎ በኩል ነው። ወደ ይርጋ ጨፌ የሚያልፈው የቡና ነጋዴ መኪና በአካባቢው ይሮጣል። ቡናውና እንሰቱ ዛፍ ጥላ ሥር ተደራርበው በሚበቅሉበት ዳገት መካከል፣ በአንድ ስፍራ ብቻ ወደ 300 የሚጠጉ ድንጋዮች ተሰብስበዋል። እዚያው ጌዴኦ ባለው በጨልባ ቱቲቲ ደግሞ ከሺህ በላይ ናቸው።

የቀራፂዎቹን ስም የሚያውቅ የለም። ይህ ብቻውን አያስቆጭም፤ በዚያ ዘመን ስም ማስቀረት የሥራው ዓላማ ላይሆን ይችላል። የሚያስቆጨው ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። አንድ በራሱ የሚተዳደር ሠዓሊ ወይም ቀራፂ ዛሬ ሥራው እንዲኖርለት ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ የሚያሳይበት ቦታ፣ የሚያትምበት ገጽ፣ አብሮት የሚሠራ ሰው። የጌዴኦ ድንጋዮች ሦስቱንም አግኝተዋል። ያገኙት ግን በአብዛኛው ከሩቅ በመጡ ሰዎች እጅ ነው።

ቀድመው ከጻፉት መካከል የካፑቺን ሚሲዮናዊው አባ አዛይስና ጓደኛው ሻምባር ይገኛሉ። በ1920ዎቹ የደቡቡን ትክል ድንጋይ እየዞሩ መዝግበው በ1931 ፓሪስ ላይ አሳተሙ። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ቀጥሎ የመጣው ቡድን ነው፤ ምክንያቱም ቡድኑ ሠዓሊ ይዞ ነበር።

አልፍ ባይርለ ይባላል። በ1900 የተወለደ ጀርመናዊ ሠዓሊ ነው። በ1934 በአዶልፍ የንሰን የሚመራው የፍሮቤኒዩስ ተቋም ጉዞ ከፍራንክፈርት ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ሲነሳ እርሱም አብሮ ተሳፈረ። ቡድኑ ከጎበኛቸው ሕዝቦች አንዱ ጌዴኦ ነው፤ ያኔ የውጭ ሰዎች «ደራሳ» እያሉ ይጽፉት ነበር። በ1936 የታተመው የጉዞው መጽሐፍ «በገዳ አገር» የሚል ርዕስ ነበረው። የየንሰን መጽሐፍ ቢሆንም የሠዓሊው አስተዋፅኦ የርዕስ ገጹ ላይ በስሙ ተጠቅሷል።  

ካሜራ እያለ ሠዓሊ ለምን አስፈለገ? የዘመኑ ፊልም ጥቁርና ነጭ ነው። ሽበት የመሰለ ሽፋን የለበሰ፣ ዝናብ ያጠበው፣ ቅርፁ ጣት ጫፍ እንኳ የማይሰምጥ ድንጋይ በቀጥታ ብርሃን ሲነሳ ዝም ያለ ግራጫ ይሆናል። የሚስል ሰው ግን በእጁ ዳብሶ፣ ዞሮ፣ ጠዋትና ማታ ተመልሶ አይቶ የትኛው መስመር የቀራፂ፣ የትኛው የስንጥቅ እንደሆነ ይወስናል። ውሳኔው ሊሳሳት ይችላል፤ ቢሆንም ማየት ነው። የፍሮቤኒዩስ ተቋም ይህን በደንብ ያውቅ ስለነበር ለዋሻና ለአለት ሥዕሎች ሁሉ ሠዓሊዎችን ያሰማራ ነበር። በ1937 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የእነዚህን ሠዓሊዎች ቅጂዎች ትልቅ ዓውደ ርዕይ አድርጎ ሰቅሏቸዋል።

ከሰው ርቀው የቆሙ ቅርፆች ወረቀት ላይ ወጡ፣ ወረቀቱ መጽሐፍ ሆነ፣ ዓውደ ርዕይ ሆነ፣ ማኅደር ሆነ። ማኅደሩ ፍራንክፈርት ነው። በ1935 ጥቅምት ላይ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ወረረች፤ ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የሥዕሎቹን ቅጂ መልሶ ለማሳየት የሚመቹ አልነበሩም። ለባይርለና ለጓደኞቹ ውለታ መንፈግ ተገቢ አይደለም። ያዩትን በትጋት አስቀርተዋል። ሆኖም በአንድ ሥራ ላይ የተሳለው ሰው፣ የሳለው ሰውና ያሳተመው ሰው እኩል ሲጠቀሱ ብቻ ትብብር ይባላል።

ከዲላ ብዙም በማይርቀው በሸጴ ገደል የከብት መንጋ አለቱ ላይ ተቀርፆ ይገኛል። 50 የሚሆኑ ከብቶች ተከታትለው ሲሄዱ ይታያሉ። አካላቸው ከአለቱ ትንሽ ወጣ ብሎ ስለተፈለፈለ ብርሃን ሲያገኛቸው የሚንቀሳቀሱ ይመስላሉ። የአቀራረፁ ብስለት እስከ ዛሬ ባለሙያ ያስገርማል፦ ቀራፂው እያንዳንዱን ከብት ለየብቻ ሳይሆን መንጋውን እንደ አንድ ነገር ነው ያሰበው። ፍራንሲስ አንፍሬ በ1967 «አናል ዴትዮፒ» በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ለተመራማሪው ዓለም አስተዋወቀው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በ2021 አሸናፊ ዜና ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ሳካሮ ሶዶ በተባለው የጌዴኦ ስፍራ ያሉ ትክል ድንጋዮች ከአንደኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደሆኑ አመለከተ። ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው በሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተሰበሰበው የዩኔስኮ ኮሚቴ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ ከደኑና ከእርሻው ጋር ድንጋዮቹም አብረው ገቡ። ተመራማሪው ድርሻውን ተወጥቷል፣ መዝጋቢውም እንዲሁ። አሁን ጥያቄው ዲላ ተቀምጦ ለሚሥል፣ ፎቶ ለሚያነሳ፣ እንጨት ለሚጠርብ ሰው ነው፦ ይህን ሀብት ይዞ ብቻውን እንዴት ይወጣል?

መልሱን የምታሳየው የአዲስ አበባ ልጅ ናት። አይዳ ሙሉነህ በ1974 ተወለደች። በልጅነቷ ከአገር ወጥታ በየመን፣ በእንግሊዝ፣ በቆጵሮስና በካናዳ አደገች። ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተምራ በ2000 ተመረቀች፤ ለዋሽንግተን ፖስትም ፎቶግራፍ አንሺ ሆና ሠርታለች። በ2007 ማሊ ባማኮ ላይ በሚካሄደው የአፍሪካ የፎቶግራፍ መድረክ የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት አገኘች። በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ሳትዘገይ ሦስቱንም መንገዶች ያዘች። በ2009 «ኢትዮጵያ፦ ያለፈውና ወደፊት» የሚል ይዘት ያለውን የፎቶ መጽሐፏን አሳተመች። በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። ሥራ ፈልጋ ወደ ሌሎች መድረክ ከመሄድ ይልቅ፣ ከዓለም ዙሪያ የመጡ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከአገሬው ወጣት ጋር የሚሰቅሉበትን መድረክ ራሷ ዘረጋች።

ሥራዎቿን ያየ ሰው አይረሳቸውም። ሴቶቹ ፊታቸው ነጭ ወይም ሰማያዊ ተቀብቶ፣ ቀይ ልብስ ለብሰው፣ አንዳንዴም አንድ ሰፊ ባዶ ምድር ላይ ብቻቸውን ቆመው ይታያሉ። ቅቡ ከአፍሪካ ሕዝቦች የገላ ማስጌጥ ባህል የተቀዳ ነው።

ትብብር ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነ የሚያሳየው «የውኃ ሕይወት» የተባለው ተከታታይ ሥራዋ ነው። ዋተርኤይድ የተባለው ድርጅት የውኃ እጦትን የሚያሳይ ሥራ አዘዛት። የተለመደው መልስ እንስራ የተሸከመች ልጅን ፎቶ ማንሳት ነበር። አይዳ ግን አፋር ወርዳ፣ በምድራችን ከታወቁት እጅግ ሞቃት ቦታዎች አንዱ በሆነው በዳሎል፣ ያሸበረቁ ልብሶችን ያለበሰቻቸውን ሞዴሎች በጨውና በድኝ ምድር ላይ አቁማ አነሳች። ከፋዩ ጉዳዩን ሰጣት፤ አተያዩ ግን የእርሷ ሆኖ ቀረ። ሥራው በ2019 ለንደን በሚገኘው ሶመርሴት ሃውስ ታየ። በዚያው ዓመት ኦስሎ ላይ ለኖቤል የሰላም ሽልማት የሚዘጋጀውን ዓውደ ርዕይ በጋራ እንድታሰናዳ ተመረጠች፤ ለዚህ ኃላፊነት የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። በቀጣዩ ዓመት ሽልማቱ ለዓለም ምግብ ፕሮግራም ሲሰጥ ደግሞ ረሃብ እንደ መሣሪያ ሲውል የሚያሳይ ሥራ ሠርታ አቀረበች።

ለዲላ ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የ2022ቱ ሥራዋ ነው። በኒው ዮርኩ የሕዝብ ጥበብ ፈንድ አማካይነት የሠራቻቸው 12 ፎቶግራፎች በኒው ዮርክ፣ በቺካጎ፣ በቦስተንና በአቢጃን በ330 የአውቶቡስ መጠበቂያዎች ላይ ተሰቀሉ። ርዕሱን የወሰደችው ከጸጋዬ ገብረ መድኅን አንድ ግጥም ነው። ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ቦታ ላይ፣ ሥራ የሚሄድ ሰው ትኬት ሳይገዛ፣ ጋለሪ ይግባ አይግባ ሳያመነታ የኢትዮጵያን ባለቅኔ ስሜት በቀለም አየ። ከአቢጃን መጠበቂያና ከዲላ መናኸሪያ መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም አይደለም። ወደ ይርጋ ጨፌ፣ ወደ ሀገረ ማርያም፣ ወደ ሞያሌ የሚሳፈር ሰው በየቀኑ ለሰዓታት የሚጠብቅበት ግድግዳ አለ። ቱቱ ፈላን ወይም ሸጴን በቁም ቁመቱ የያዘ ሥዕል እዚያ ቢለጠፍ፣ ከሥሩም የሠዓሊው ስም በትልቁ ቢጻፍ፣ ሥራው በአንድ ሳምንት የሚያገኘውን ተመልካች ዋና ከተማው ያለ አዳራሽ በዓመትም አያገኘው ይሆናል።

ሌላው ምሳሌ ኤልያስ ስሜ ነው፤ ባጭሩ ማለፍ ግን ይከብዳል። በ1990 ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበባት ትምህርት ቤት ተመርቆ፣ ከመርካቶ የተገዙ አሮጌ ቁልፎችን፣ ሽቦዎችንና የኮምፒውተር ሰሌዳዎችን እየገመደ ግዙፍ ሥራዎችን አወጣ። ከአንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ ጋር ያላቸው ትብብር ከ20 ዓመት በላይ ዘልቋል። አንዳቸው ያለ ሌላው ዞማ ቤተ መዘክርን በ2019 አይከፍቱትም ነበር። ጭቃና ጭድ፣ ጠማማ እንጨትና የአገር ሙያ የለበሰው ያ ግቢ ስሙን የወሰደው በወጣትነቷ ካረፈች ሠዓሊ፣ ከዞማ ሽፈራው ነው። በዚያው ዓመት «ታይትሮፕ» የተባለው የኤልያስ ዓውደ ርዕይ አሜሪካ በዌሊን ሙዚየም ተከፍቶ ወደ ሌሎች ሙዚየሞችም ተጓዘ፤ ከእርሱ ጋር አንድ ትልቅ መጽሐፍ ወጣ። ዓውደ ርዕይ ይፈርሳል፤ ከዚያ የሚቀረው የታተመው ካታሎግ ነው። በራሱ የሚተዳደር ሠዓሊ ከሥዕሎቹ ሽያጭ የተወሰነውን ለማተሚያ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው፤ ሥዕሉ ሌላ ቤት ቢገባም እርሱ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሠራ፣ መቼ እንደሠራ የሚያሳይ ማስረጃ በእጁ ይቀራል።

የአገራችንም ሕግ ከጎኑ አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ለሥዕልና ለቅርፅ ሥራ ባለቤት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት የባለቤትነት ጥበቃ ይሰጣል፤ ለፎቶግራፍ ጥበቃው 25 ዓመት ነው። ስሙ ከሥራው ጋር እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብትም አለው። ስለዚህ ከድርጅት፣ ከቡና ላኪ ወይም ከቱሪዝም ቢሮ ጋር ሲስማማ ምስሉ የት እንደሚታተም፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግል፣ ስሙ የት እንደሚሰፍር በጽሑፍ ውል ማስቀመጥ ይበጀዋል። ለቡና ከረጢት የተሣለ አንድ ሥዕል ስም ሳይኖረው አህጉር ሊሻገር ይችላል። የይርጋ ጨፌን ስም ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሆኖ ሳለ ጥቅሉን የነደፈው እጅ ሳይታወቅ ሲቀር፣ ያ በቱቱ ፈላ ከታየው ይብሳል፤ ምክንያቱም ይህኛውን ሰው ስሙን ጠይቆ መጻፍ ይቻል ነበር።

አብሮ ሥራው የግድ ከውጭ ሰው ጋር መሆን የለበትም። ጌዴኦ ደራሮ የተባለውን በዓሉን በሚያከብርበት ጊዜ አባ ገዳዎችና ሽማግሌዎች፣ ዘፋኞችና ልጆች በአንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ሥዕልን ለሕዝብ ለማሳየት ከዚያ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። በሶንጎ፣ ማለትም በባህላዊው ሸንጎ፣ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ስለ ቦታዎቹ የሚያውቁት ከሥዕሉ ጎን ቢታተም፣ በጌዴኦኛና በአማርኛ፣ የመጽሐፉ ባለቤቶች ሁለት ይሆናሉ። ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር መሥራትም ሌላ በር ነው፤ አርኪዮሎጂስት ትክክለኛ ሥዕል ይፈልጋል፣ ሠዓሊም ትክክለኛ እውቀት ይፈልጋል።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ ወፍራም ወረቀት፣ እርሳስ፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ የቦታው ጠባቂ ፈቃድ። ወረቀት ድንጋዩ ላይ አድርጎ ማሻሸት ግን ያረጀውን ገጽ ስለሚያቆስል መተው ይገባዋል። ብርሃኑ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በቱቱ ፈላ ድንጋዮች ላይ ያሉት ፊቶች ይጠፋሉ፤ ተራ አለት ይመስላሉ። ከዲላ ጎህ ሳይቀድ ተሳፍሮ ወናጎ የደረሰ ሰው ግን ብርሃኑ ከጎን ሲገባ ይደርሳል። ያኔ መጀመሪያ ጉንጩ፣ ቀጥሎ ክንዱ፣ በመጨረሻም ከሥሩ የተከበበው የቀድሞው ቀራፂ መስመር ብቅ ይላል፤ ይህን ሁሉ ለመሳል ያለው ጊዜም ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም።