ከጀጎል ወደ ፎቅ፦ ድመት ከማሳደጋችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ

ቲክቶክ ላይ የድመት ቪዲዮ አይቶ «እኔም አንድ ያስፈልገኛል» ያላለ ወጣት ጥቂት ነው። ሐረር ላይ ደግሞ ድመት ለማየት ዳታ ማቃጠል አያስፈልግም። ጀጎል ግቡና ወደ ጊድር መጋላ አቅኑ፤ ሥጋ ቤቶቹ አካባቢ ከላይ ጭልፊት ያንዣብባል፣ ከታች ድመት ቅንጥብጣቢ ይጠብቃል። በኦሮምኛ አዱሬ፣ በሶማልኛ ቢሳድ፣ በአማርኛ ሲያቆላምጧት ውሮ፤ በአንድ መንደር በሦስት አራት ቋንቋ ትጠራለች። በከተማው ብዙ ሙስሊም መኖሩም ጠቅሟታል። በእስልምና ድመት ንጹሕ እንስሳ ናት፤ የነቢዩ ባልደረባ አቡ ሁረይራ መጠሪያቸው ራሱ ከድመት ግልገል የመጣ ነው።

ግን አንድ ነገር ተቀይሯል። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል 48 ሄክታር ገደማ ነው። ከግንቡ ውጪ ያለው ከተማ ግን እየሰፋ፣ ኑሮውም ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ኪራይ ፎቅ ቤት እየዞረ ነው። ግቢ ያለው ቤት ውስጥ ድመት ራሷን ታስተዳድራለች፤ ትወጣለች፣ ታድናለች፣ አፈር ቆፍራ ትጸዳዳለች፣ ሲርባት ትመለሳለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን በሩን የምትከፍቱት እናንተ ናችሁ። ምግቡም፣ መጸዳጃውም፣ ጨዋታውም በእናንተ እጅ ነው። ስለዚህ የግቢ ድመት አያያዝን እንዳለ ወደ ፎቅ መውሰድ አይሠራም።

መጀመሪያ፦ ለስንት ዓመት?

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የመግዣውን ዋጋ ሳይሆን የማቆያውን ነው። ድመት ሐረር ውስጥ በነፃ ትገኛለች፤ ማቆየቷ ግን ነፃ አይደለም። ቤት ውስጥ በደንብ የተያዘች ድመት ከ12 እስከ 15 ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ ከዚያ በላይ የሚኖሩም አሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። እንግዲህ ቁጭ ብላችሁ አስሉት፤ የአንዲት ድመት ዕድሜ ሰባት የኪራይ ውል ነው! ሰባት አከራይ ማሳመን ሊኖርባችሁ ነው ማለት ነው።

በዚህ መሐል ትመረቃላችሁ፣ ሥራ ትቀይራላችሁ፣ ታገባላችሁ፣ ምናልባት አዲስ አበባ ትገባላችሁ። «ያኔ ማን ይይዛታል?» የሚለውን ጥያቄ ዛሬ በስም መመለስ ካልቻላችሁ ትንሽ ቆዩ። እስከዚያው የጎረቤትን ድመት መመገብም ድመት መውደድ ነው።

ከየት ትምጣ?

ቆንጆ ዘር ፍለጋ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። በነገራችን ላይ ውጭ አገር በውድ የሚሸጥ «አቢሲኒያ» የሚባል የድመት ዘር አለ። ስሙን ያገኘው ከመቅደላ ዘመቻ (1860 ዓ.ም.) በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወሰደች ከተባለች ዙላ ከምትባል ድመት ጋር ተያይዞ ነው። የዘረመል ጥናት ግን ምንጩን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይወስደዋል። ስሟን ከኛ ወስዳለች እንጂ ዘመዳችን መሆኗ አጠራጣሪ ነው። የሰፈራችን ድመት ደግሞ ምንም አይጎድላትም።

ስትመርጡ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ከስምንት ሳምንት በታች የሆነችን ግልገል ከእናቷ አትንጠቁ። ገና ጡት አልጣለችም፤ አለመንከስንና አለመቧጨርንም የምትማረው ከእናቷና ከወንድሞቿ ጋር ስትጫወት ነው። ሁለተኛ፣ ዓይኗና አፍንጫዋ ፈሳሽ የሌለው፣ ንቁ፣ ስትጠሯት ዞር የምትል ትሁን። ሦስተኛ፣ ለዓመታት ጀጎል ውስጥ እንደ ልቧ የኖረችን ትልቅ ድመት አንስታችሁ ፎቅ ላይ አትዝጉባት፤ ቀን ከሌት በሩ ላይ ስትጮህ ትኖራለች። ለፎቅ የምትሆነው ከልጅነቷ የለመደችው ናት። ደግሞ ጎዳና ላይ ያገኛችኋት ሁሉ ባለቤት የላትም ማለት አይደለም፤ በአካባቢው ያሉትን እናቶች ጠይቁ።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ወይም ትምህርት ላይ ከሆናችሁ ከአንዲት ይልቅ ሁለት እህትማማች መውሰድ ይመከራል። ወጪው ይጨምራል፣ እሱ እውነት ነው፤ ግን እርስ በርስ ስለሚጫወቱ ሶፋችሁና መጋረጃችሁ ይተርፋል።

ደንቡና ጎረቤቱ

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የኮንዶሚኒየም ባለቤቶች በማኅበር እንዲደራጁና መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖራቸው ያደርጋል። ስለዚህ የብሎካችሁ ደንብ ስለ እንስሳት ምን እንደሚል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ተከራይ ከሆናችሁ የአከራዩን ፈቃድ በቃል ብቻ አትመኑ፤ «ድመት ማሳደግ ይቻላል» የምትል አንዲት መስመር ውሉ ላይ ትግባ። ቃል ይረሳል፣ የተጻፈ ይቀራል።

ጎረቤትንም አትርሱ። ድመት የሚፈራ ሰው አለ፣ ጠጉሯ የሚያስነጥሰውም አለ። ከመምጣቷ በፊት አንኳኩታችሁ ብትነግሯቸው በኋላ ደረጃ ላይ ስትገኝ «የማን ናት?» ተብሎ አትባረርም። ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ምግብ የሚሰጣትም ያው ጎረቤት ነው። አፎቻ ባለበት ከተማ፣ ለሠርግና ለኀዘን አብሮ በሚቆም ሕዝብ መሐል፣ ለሦስት ቀን ድመት የሚያይ ሰው አይጠፋም። ግን ቀድማችሁ ተግባቡ።

መጸዳጃዋ፦ ሳፋና ሰጋቱራ

አዲስ ባለቤቶች በብዛት የሚማረሩት በሽታው ነው። ደስ የሚለው ግን ድመት መጸዳጃ ለማስተማር የምታስቸግር እንስሳ አይደለችም፤ መቆፈርና መቅበር በተፈጥሮዋ ነው። ዝቅ ያለ ሳፋ ውሰዱ፤ ከአምስት እስከ ሰባት ሳንቲ ሜትር ደረቅ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ሙሉበት። አመድም ይሠራል፣ ግን በእግሯ ቤቱን ሁሉ ታዳርሰዋለች። ከምግቧ ራቅ አድርጋችሁ፣ ጸጥ ያለና በር የማይዘጋበት ጥግ ላይ አስቀምጡት። ምግብ ከበላች በኋላ ወስዳችሁ አስቀምጧት፣ በቃ፣ ትለምዳለች።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ደረቅ ዘዴ ጥሩ ነው። ዓይነ ምድሩን በየቀኑ በማንኪያ መሰል ነገር አንስታችሁ ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ ከቆሻሻ ጋር ጣሉ። ሽንት ቤት ውስጥ አትድፉት፤ አሸዋና ሰጋቱራ ቱቦ ይደፍናል፣ ጎረቤትም ያጣላል። በየሳምንቱ ሙሉውን ቀይሩ። ሁለት ድመት ካለ ደግሞ ሦስት ሳፋ ይመከራል።

እርጉዝ ሴት ቤት ውስጥ ካለች ሳፋውን ሌላ ሰው ያጽዳ። ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለው በሽታ ለጽንስ አደገኛ ነው። ተውሳኩ ከድመት ዓይነ ምድር ወጥቶ ሌላ ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅበት በየቀኑ ማጽዳት ራሱ መከላከያ ነው። ይህን ሰምታችሁ ግን ድመቷን ወደ ውጭ አትወርውሩ። ይኸው በሽታ በጥሬ ሥጋና ባልታጠበ ሰላጣም ይመጣል፤ ቁርጥ እየበሉ ድመትን ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ምን ትብላ?

እንጀራ በወጥ አይሆንም። ችግሩ በርበሬው ብቻ አይደለም፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ወተትም ቢሆን ለብዙ ትልልቅ ድመቶች አይስማማም፤ ያስቀምጣቸዋል። የሚያስፈልጋት ንጹሕ ውኃ ነው።

ድመት ሥጋ በል ናት። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ገደማ ያስፈልጋታል፤ ያ በግምት 150 ግራም ቀይ ሥጋ ነው። በወር 4.5 ኪሎ! ይህን ቁጥር በሰፈራችሁ ሥጋ ቤት ዋጋ አባዙና ደመወዛችሁ ይችል እንደሆነ እዩ። ወጪውን የሚያቀልለው ቅንጥብጣቢና ሳንባ ነው፤ ቀቅላችሁ፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም። ሳንባ ብቻ ግን አይበቃም፤ ልብ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አልፎ አልፎ ትንሽ ጉበት ጨምሩበት። ጉበት በየቀኑ አይሰጥም፤ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ አጥንት ይጎዳል። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚያንሰው በማደግ ላይ ላለች ግልገል የተዘጋጀ የድመት ምግብ ከተገኘ ቢያንስ በከፊል መስጠት ይሻላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ግን ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋልና በጭራሽ።

ቤት ውስጥ ያለው አደጋ

መስኮትና በረንዳ አንደኛ ነው። «ድመት ከፎቅ ብትወድቅም አትሞትም» የሚባለው አያዋጣም፤ ወፍ ስታሳድድ ወድቃ እግሯና መንጋጋዋ ይሰበራል። መስኮቱ ላይ ወንፊት ሽቦ አስመቱ። ማታ ደግሞ ወደ ውጭ አትልቀቋት። የሐረር ሌሊት የጅብ ነው፤ ግንቡ ራሱ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ከተማ ውስጥ ነው የምትኖሩት።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ሲያማት አዝናችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት፤ አንዲት ክኒን ድመት ትገድላለች። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒትም ፐርሜትሪን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት ለድመት መርዝ ሊሆን ይችላል። ድመት ያመጣችሁት ለአይጥ ከሆነ ደግሞ የአይጥ መርዝ አብራችሁ አታድርጉ፤ መርዙን የበላችውን አይጥ እሷ ትበላለች።

ሦስተኛው የኛው የሐረሩ ነው። በርጫ ሲያልቅ ገራባውን ጠርጋችሁ አውጡ። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ አለ፤ ለሰው ከሆነው መጠን ለአራት ኪሎ እንስሳ የሚሆነው በጣም ያነሰ ነው። ማሰሪያው ክርና ፌስታሉም እንደዚያው፤ ክር ከዋጠች አንጀቷን ሰብስቦ ለቀዶ ሕክምና ይዳርጋታል። የከሰል ምድጃ ያለበት ክፍል ብቻዋንም አትተዋት።

ሶፋ እንዳትቧጭር ከፈለጋችሁ በመምታት አይሆንም፤ የምትቧጭረው ነገር ስጧት። ጣውላ ላይ ቃጫ ገመድ ጠምጥሙ ወይም ጆንያ ምቱበት፤ ከሶፋው አጠገብ አቁሙት። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ለ15 ደቂቃ በክር አጫውቷትና አብሏት (ክሩን ደብቁት)። ያኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረታችሁ ላይ አትዘልም።

ክትባትና ሐኪም

የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ አይደለም፤ ድመትም ታስተላልፋለች። ሦስት ወር ሲሞላት አስከትቧት፣ ከዓመት በኋላም አስደግሙ። ያልተከተበች ድመት ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም፤ «እስቲ ነገ እናያለን» አይባልም።

የእንስሳት ሐኪም ስልክ ድመቷ ሳትታመም ስልካችሁ ላይ ይኑር። ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ምን አገልግሎት እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በተለይ ወንድ ድመት ሳፋው ላይ እየተመላለሰ ሽንት ካልወጣው ያን ቀን ሳይመሽ ሐኪም ይየው፤ ቧንቧው ተዘግቶ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ እምቢ ማለትም የሐኪም ጉዳይ ነው።

የመውለዱ ሒሳብ

ሴት ድመት ከአራት አምስት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናው ሁለት ወር ገደማ ነው። በዓመት ሁለቴ አራት አራት ብትወልድ ስምንት ናቸው። ግማሾቹ ሴት ሆነው በቀጣዩ ዓመት እንደ እናታቸው ቢወልዱ፣ እናቲቱንም ጨምሮ አምስት ወላዶች 40 ግልገል ያመጣሉ። የወለድ ወለድ ማለት ይሄ ነው። ለ40 ድመት የሚሆን ዘመድና ጓደኛ የሌለው ሰው ድመቷን በጊዜ ያስመክናት። ወንዱም ሲሰነጋ በየግድግዳው መሽናቱና ለመውጣት መታገሉ ይቀንሳል። ወጪው አንዴ ነው፤ ካልተደረገ ግን የሚከፍሉት ግልገሎቹ ናቸው።

የሚከፍሉት እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቤት የሚለቅ ሰው ድመቱን በካርቶን አድርጎ ጀጎል በር አካባቢ ይተዋትና «እዚያ ሥጋ ሞልቷል፣ ትኖራለች» ይላል። አትኖርም። ፎቅ ላይ ያደገች ድመት ውሻ መሸሽ፣ ባጃጅ መጠበቅ፣ ጅብ መስማት አልተማረችም። የሥጋ ቤቱ ድመቶችም የየራሳቸው ክልል አላቸው፤ እንግዳ አይቀበሉም። ስለዚህ መልቀቅ የግድ ከሆነ ከወር በፊት ሰው ፈልጉላት፣ ከነሳፋዋና ከነምትተኛበት ጨርቅ አስረክቧት፣ የክትባት ወረቀቷንም አትርሱ።

ሒሳቡን ሠርታችሁ «እችላለሁ» ካላችሁ ግን አታመንቱ። ከሥራ ደክሟችሁ ስትገቡ በር ላይ ጅራቷን አቁማ የምትጠብቅ ፍጥረት በ4.5 ኪሎ ቅንጥብጣቢ ውድ አይደለችም።