በሞቃት አገር ጠላ እንዳይኮመጥጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

ጠላ፣ በኦሮምኛም ፋርሶ፣ ለገበያም ሆነ ለድግስ ሲጠመቅ ብዙ እህል፣ ብዙ ጌሾና ብዙ ማገዶ ይወጣበታል። ይህ ሁሉ ወጪ ከተደረገ በኋላ ጋኑ ሲከፈት ጠላው ሆምጣጤ ሆኖ ቢገኝ ኪሣራው የቤተ ሰቡ ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አካባቢ ይህ ጉዳት ቶሎ የሚደርስበት ምክንያት አለው።

ጠላው ስለ ምን ይበላሻል?

ጠላን የሚያፈላው እርሾ ነው። እርሾ በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር ሲሆን የብቅሉን ስኳር እየበላ አልኮልና ጋዝ ይሠራል። ነገር ግን ከእርሾው ጋር ሌሎች ጥቃቅን ነፍሳትም ወደ ጋኑ ይገባሉ። ከእነዚህም አንዱ ወገን በአየር እየተረዳ አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ ይለውጠዋል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቢራ መበላሸት ከእንደነዚህ ያሉ ነፍሳት የሚመጣ መሆኑን አስረድቷል። እነርሱም ሙቀት፣ አየርና እድፍ ይስማማቸዋል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ስትል፣ አዳማ ግን 1,700 ሜትር እንኳ እምብዛም አትሞላም። ስለዚህ በደጋ የተለመደውን የቀን ቁጥር በአዳማ የምትከተል ጠማቂ ጠላው ጊዜው ያልፍባታል። በሞቃት አገር ቀን ከመቁጠር ይልቅ ማየት፣ ማሽተትና መቅመስ ይሻላል።

ሊደረግ የሚገባው

1ኛ/ ብቅል። የበቀለው እህል በፀሐይ ፈጥኖና በሚገባ ይድረቅ። የሻገተ ብቅል ጠላውን የሻጋታ ሽታ ከመስጠቱም በላይ ጤና የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል። መቁላትና ማብሰል ይህን መርዝ ፈጽሞ አያጠፋውም። ለላም ቢሰጥም መርዙ ወደ ወተቷ ስለሚያልፍ የሻገተውን መጣል ይገባል።

2ኛ/ ጋን። ያለፈው ጠላ አተላ በጋኑ ቀዳዳዎች ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። ስለዚህ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ደጋግሞ ማሸት፣ በብዙ ውኃ ማጠብ፣ ካደረቁም በኋላ በወይራ እንጨት ማጠን ያስፈልጋል። የሆምጣጤ ሽታው ያልለቀቀ ጋን ለጠላ አይሁን።

3ኛ/ ቅዝቃዜ። የጀርመን ጠማቂዎች የማቀዝቀዣ መኪና ከመሠራቱ በፊት ቢራቸውን በቀዝቃዛ ዋሻና ምድር ቤት ያቆዩ ነበር። እኛም ጋኑን ከምድጃና ከቆርቆሮ ግድግዳ አርቀን፣ በጥላ ቦታ ወገቡ ድረስ በመሬት ልንቀብረው እንችላለን። አለዚያ ጋኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ጆንያውን ጧትና ማታ ማርጠብ ነው። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውኃው ሲተን የጋኑን ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

4ኛ/ አየር። ጠላው በኃይል በሚፈላበት ጊዜ ጋዙ መውጫ እንዲያገኝ ጋኑን በንጹሕ ጨርቅ ብቻ መሸፈን ይበቃል። አጥብቀው ቢመርጉት ጋኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። አረፋው ሲበርድ ግን ሳይዘገዩ ከድኖ መምረግ ይገባል።

5ኛ/ አቀዳድ። ወፍራሙ ድፍድፍ በውኃ ከተሞላው ጠላ ይልቅ ይቆያል። ስለዚህ ለቀኑ የሚበቃውን ብቻ በንጹሕ ውኃ ማጥለል ይሻላል። በየጊዜው የሚከፈት ትልቅ ጋን አየር ስለሚገባው፣ የተጠለለውን ጠላ በትንንሽ እንስራዎች እስከ አፋቸው ሞልቶ አንድ በአንድ መክፈት ይጠቅማል። መቅጃውም ንጹሕ ይሁን።

አንድ ጊዜ የኮመጠጠ ጠላ ስኳር ቢጨመርበት አይድንም። ከአዲስ ጠላ ጋር ቢደባለቅ ደግሞ ደኅናውንም ያበላሻል።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን በቃል ከመንገር በሥራ ማሳየት ይበልጣል። በአንዲት ጠማቂ ቤት ከአንድ ድፍድፍ ሁለት እኩል እንስራ ይሞላ። አንዱ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ በጥላ፣ ሌላው እንደ ተለመደው ይቀመጥ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጎረቤቶች ተጠርተው ሁለቱንም ይቅመሱ፤ የሚሻለውንም ራሳቸው ይፍረዱ።