ጉበት ላይ የታየ ጥላ

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሕክምና ሲጽፍ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ባለፈው ክረምት ለዕረፍት አገሬ ከሚሴ ሄጄ ሳለሁ፥ አንድ የጎረቤት አዛውንት በአልትራሳውንድ ታይተው «ጉበትዎ ላይ ጥላ አለ፤ ከሌላ ቦታ የተሠራጨ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል» ተባሉ። ልጆቻቸውም «ወንድማችን፥ አንተ ተምረሃል፤ በሬውን ሸጠን ወደ ትልቁ መሣሪያ እንውሰዳቸው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ የሕክምና ተማሪዎችን ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን እነሆ ለአንባብያን አቀርባለሁ።

ነቀርሳ ጉበትን የሚያዘወትረው ስለ ምንድን ነው? ከአንጀትና ከጨጓራ የሚመለሰው ደም ልብ ሳይደርስ በጉበት ያልፋል። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ከሚሴ ላይ መንገደኛ እንደሚያወርድ፥ ከአንጀት ዕጢ የተነቀለ ሕዋስም እዚያው ይወርዳል። ጉበት ከደሙ ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚያገኘው ከሆድ ዕቃ በሚመጣው ደም መልስ ሲሆን፥ የቀረውን ከደም ቅዳ ይቀበላል። የተሠራጨው ዕጢ ግን በአብዛኛው የሚመገበው ከደም ቅዳው ነው። ይህ ልዩነት ለምርመራው ትልቅ ቁልፍ ነው።

አልትራሳውንድ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ልኮ ማሚቶውን ወደ ሥዕል ይለውጣል። ዋጋው ቀላል ነው፤ ጨረር የለውም፤ ውኃ የቋጠረውን ከጠጣሩ ይለያል። ነገር ግን ትንንሽ ዕጢ ያመልጠዋል፤ የአንጀት አየርና ስብ ያግዱታል፤ ውጤቱም በመርማሪው ልምድ ይወሰናል።

ሲቲ ስካን በ1971 እ.ኤ.አ. በበሽተኛ ላይ የተጀመረ ሲሆን፥ በ1979 ኮርማክንና ሃውንስፊልድን ለኖቤል ሽልማት ያበቃ ነው። ራጁ አካልን እየዞረ ያነሣል። በደም ሥር ማድመቂያ መድኃኒት ተሰጥቶ 70 ሰከንድ ያህል ሲቆይ ጉበቱ ይደምቃል፤ የዕጢው ብዙ ዓይነት ግን ጠቁሮ ይታያል። ደረትንና ሆድን በአንድ ጊዜ ስለሚያሳይ ብዙውን ጊዜ ቀዳሚው ምርጫ ነው። ጨረር አለው፤ ለኩላሊት ሕመምተኛም ጥንቃቄ ያሻል።

ኤምአርአይ የሚሠራው በማግኔት ነው፤ ጨረር የለውም። የጉበት ሕዋሳት ብቻ የሚስቡት ማድመቂያ ስላለው፥ ከ20 ደቂቃ በኋላ እንግዳው ዕጢ ጥቁር ሆኖ ይለያል። ከ1 ሴንቲሜትር ለሚያንሱት ከሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ ቀዶ ጥገና ሲታሰብ ወይም ሲቲው ሲያጠራጥር ይፈለጋል። ውድና ረጅም ነው። ፔት ስካን ደግሞ ዕጢው የሚበላውን ስኳር ተከትሎ መላውን አካል ይፈትሻል፤ ትንንሹን ግን ይስታል።

ይሁን እንጂ ለእኛ አገር ሰው የሚበልጠው ነገር ይህ ነው፤ ጥላ ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። በከሚሴ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ፤ እንቁላሉም በጉበት ደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ይተዋል። አሜባ መግል ያስቋጥራል፤ ከውሻ የሚመጣው ትልም ከረጢት ይሠራል። ሲያጠራጥርም የዕጢውን ስም የሚነግረው ብዙ ጊዜ በመርፌ የተወሰደ ናሙና ነው እንጂ ሥዕሉ አይደለም።

እንግዲህ ዛሬ ቢጠይቁኝ እንዲህ እላቸዋለሁ፤ በሬው ከመሸጡ በፊት ሐኪሙን «ይህ ምርመራ የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል? ሕክምናውንስ ይለውጣል ወይ?» በሉት። አባታችሁ በየትኛው ወንዝ ሲዋኙ እንዳደጉ፥ ከዚህ በፊትም ምን እንዳመማቸው ሳትደብቁ ንገሩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ትልቁ መሣሪያም ያልተነገረውን አያውቅም።